ውሻን በገመድ ረጋ ብሎ እንዲሄድ ስለ ማስተማርና ስለ ጥቅሙ

በሞጣና በቢቸና አገር ውሻ የባላገሩ የሌሊት ዘበኛ ነው። ጅብ ወደ በረት እንዳይገባ፥ ሌባም አጥር እንዳይዘል የሚጠብቅ እርሱ ነው። የብዙ ሰው ልማድ ውሻውን ቀን አስሮ ማዋል፥ ሲመሽም መፍታት ነው። ከዚህ የተነሣ ውሻው ገመድን የሚያውቀው እንደ እስራት ብቻ ነው። አንድ ቀን ባለቤቱ በገመድ ይዞት ወደ ሰው መካከል ሊወጣ ቢፈልግ ይጎትታል፤ ይተናነቃል፤ ያገኘውንም ይነክሳል።

ይህ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን በክትባት ቀን ይገለጣል። የእንስሳት ሐኪም መርፌውን ይዞ በመጣ ጊዜ ገራሙ ውሻ ይቀርባል፤ ተናካሹ ግን «አይያዝም» ተብሎ በቤት ይቀራል። እንዲህ ሲሆን ሳይከተብ የሚቀረው ከሁሉ ይልቅ ሊፈራ የሚገባው ውሻ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በ1876 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በትግራይ፥ በበጌምድር፥ በጎጃምና በወሎ ጽኑ ወረርሽኝ እንደ ተነሣ ተጽፎ ይገኛል። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1877 ዓ.ም.፥ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በእብድ ውሻ የተነከሰን አንድ ልጅ በክትባት አዳነ። መከላከያው ከዚያ ጀምሮ የታወቀ ሆኖ ሳለ፥ በዓለም ሁሉ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። ከ100 ሟቾች 99ኙ በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ ነው፤ 40 ያህሉም ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ላምና በሬ፥ አህያና በግም ቢነከሱ ይሞታሉ።

በአንድ አገር ካሉት ውሾች ከ100 ሰባው በየዓመቱ ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ አጥቶ ይቋረጣል። ውሾችን በመርዝ ወይም በጥይት መፍጀት ግን ይህን አያደርግም፤ በሞቱት ፋንታ ያልተከተቡ ቡችሎች ይተካሉና። ስለዚህ ለሹም የሚሻለው መንገድ ውሻው በገዛ እግሩ ወደ መርፌው እንዲሄድ ባላገሩ አስቀድሞ እንዲያስተምረው ማድረግ ነው። አስተማሪው አዋቂ ሰው ይሁን፤ አደራረጉም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ለአንገቱ ሰፋ ያለ የጠፍር ወይም የጨርቅ ማሰሪያ ይበጅለት። በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት ይግባ። ሸምቀቆ አይሁን፤ ውሻው ሲስብ ያንቀዋልና፥ የታነቀም ውሻ ይበረግጋል፤ ይነክሳልም። ጥቂት ቀን ምግብ በሚበላበት ሰዓት እየታሰረለት ይልመደው።

ሁለተኛ፤ ሦስት ወይም አራት ክንድ የሚሆን ገመድ በማሰሪያው ላይ ይታሰር፤ በአጥር ግቢም ሰው እያየው ገመዱን እየጎተተ ይዘዋወር። ገመድ ሁሉ እስራት አለመሆኑን በዚህ ይማራል።

ሦስተኛ፤ ሰውየው ገመዱን ይዞ በግቢው ውስጥ ይራመድ። ገመዱ ላላ ብሎ ውሻው በአጠገቡ በሄደ ቍጥር ቁራሽ ቂጣ ወይም እንጀራ ያጉርሰው። ውሻው ወደ ፊት በሳበ ጊዜ ሰውየው እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ አይጎትት፤ አይምታ፤ አይጩኽም። ገመዱ ሲላላ እንደ ገና ይራመድ። ስቦ የትም እንደማይደርስ፥ ረጋ ብሎ ግን መንገድም ጉርሻም እንደሚያገኝ ውሻው ከጥቂት ቀን በኋላ ያስተውላል። ትምህርቱ በጧትና በማታ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ቢሆን ይበቃል፤ ሲረዝም ውሻውም ሰውየውም ይሰለቻሉ።

አራተኛ፤ በግቢው ከለመደ በኋላ ሰው ወደማይበዛበት መንገድ፥ ቀጥሎም በጎችና አህዮች ወደሚያልፉበት ይውጣ። ሌላ ውሻ አይቶ ጠጕሩን ቢያቆም ባለቤቱ ዞር ብሎ ራቅ ያድርገው እንጂ አይታገለው።

አምስተኛ፤ ትከሻውንና ጭኑን መዳሰስ፥ አፉንም በጨርቅ ቀለል አድርጎ ለጥቂት ጊዜ ማሰር ይለማመድ። ሐኪሙ ሲነካው እንግዳ እንዳይሆንበት ነው።

ዱላ በዚህ ሥራ አይጠቅምም። የተመታ ውሻ ገመዱን ከሕመሙ ጋራ አንድ አድርጎ ያስባልና፥ ገመዱን ባየ ጊዜ ይሸሻል ወይም ይነክሳል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፥ ትዕግሥት ይበልጣል።

የወረዳ ሹም ክትባቱ ከመድረሱ ከአንድ ወር በፊት በገበያ ቀንና በየማኅበሩ ያስነግር። ከትእዛዝ ይልቅ ምሳሌ ያስተምራልና፥ ሹሙና ባለጸጋው አስቀድመው የራሳቸውን ውሻ አስተምረው ያሳዩ። በቀኑም ሥራው ፀሐይ ሳይከር በጧት ይጀመር፤ ውሾቹ ተራርቀው ይቁሙ፤ ገመዱን አዋቂ ሰው እንጂ ልጅ አይያዝ። ሦስት ወር የሞላው ቡችላም አይቅር።

ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፥ ያለ ምክንያት የሚናከስ፥ ለሃጩ የሚዝረበረብ፥ መንጋጋው የወደቀ ወይም መዋጥ የተሳነው ውሻ ግን ለማስተማር አይቀረብም፤ ማንም ሳይነካው ለእንስሳት ሐኪም ይነገር። የተነከሰ ሰው ቍስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበልና ጸሎት የሚሻ ሰው ከክትባቱ ጋራ ያድርገው እንጂ ክትባቱን ትቶ አይሂድ። በሽታው በሰው ላይ ምልክቱን ካሳየ በኋላ ከሞት የሚተርፍ የለም ለማለት ይቻላል።

እንግዲህ በአንድ ወር ትዕግሥትና በጥቂት ቁራሽ ቂጣ የተገራ ውሻ ሌሊት በረቱን ይጠብቃል፤ ቀንም ወደ መርፌው በሰላም ይሄዳል። የእረኛውንና የሕፃኑን ሕይወት መጠበቅ ከዚህ ይጀምራል።