ደፍ የሌለው ቤት

ሰፈር ተሰብስቦ ለጦር ጉዳተኛ ቤት ሲሠራ ካሜራ የሚያየው አዲሱን ቆርቆሮ፣ ቀለሙንና የቁልፍ ርክክቡን ነው። እኔ እንዲህ ያለ ግቢ ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው የበሩ ደፍ ላይ ነው። ደፉ ሦስት ጣት ከፍ ካለ ቤቱ የተሠራው ለጎብኚ እንጂ ለባለቤቱ አይደለም። ዕድሜዬን ከሲሚንቶና ከውሃ ልክ ጋር ስላሳለፍኩ አይፈረድብኝም፤ በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰው በልኩ የተሠራ አንድ ተራ ቤት ከብዙ ባለመስታወት ሕንፃ ይልቅ ያስደንቀኛል። የሚያወራለት ግን የለም።

ቤቱ ምን እንደሆነ በአጭሩ ልበል። ወለሉ ከደጅ እስከ ጓዳ አንድ ወጥ ነው። የበሩ ክፍተት፣ በሩ ተከፍቶ ሲለካ፣ ከ81 ሴንቲ ሜትር አያንስም። ወንበሩ በሚዞርበት ቦታ ሁሉ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ባዶ ወለል አለ። ማብሪያ ማጥፊያው፣ መስኮቱና መቀርቀሪያው ተቀምጦ በሚዘረጋ እጅ ይደረስባቸዋል። የቀረው ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ዝርዝር ነው።

ነገሩ በሕግና በገንዘብ ተደግፎ ሥርዓት የያዘው አሜሪካ ውስጥ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ፔኒሲሊን ከመጣ ወዲህ ቀድሞ በኢንፌክሽን ያልቁ የነበሩ የአከርካሪ ቁስለኞች በሕይወት ተርፈው ወደ ቤታቸው መመለስ ጀመሩ፤ ቤታቸው ግን አላስገባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ሕግ ለእነዚህ ሰዎች ቤት ማሠሪያ የወጪውን ግማሽ፣ እስከ 10,000 ዶላር ድረስ፣ መንግሥት እንዲሸፍን አደረገ። ድጋፉ ዛሬም አለ፤ መጠኑ ከ100,000 ዶላር አልፏል።

በዚያ ገንዘብ ከተጠቀሙት አንዱ በኢሊኖይ ግዛት የሮክፎርድ ነዋሪ የነበረው ኬነዝ ሎረንት ነው። የባሕር ኃይል አባል ነበር፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ባለቤቱ ፊሊስ ስለ ታዋቂው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት ሥራ መጽሔት ላይ አንብባ ነበርና ባልየው ደብዳቤ እንዲጽፍለት አደረገች። ራይት እሺ አለ። እ.ኤ.አ. በ1952 ያለቀው ቤት ባለ አንድ ወለል ነው፤ ፊቱ እንደ ቅስት ታጥፎ ወደ ግቢው ይመለከታል፤ ከሳሎኑ ወደ በረንዳው ሲወጣ የሚያደናቅፍ ነገር የለም። እኔን የሚገርመኝ ግን ዕቃው ነው፤ ወንበሩም ጠረጴዛውም ዝቅ ተደርጎ ስለተሠራ እዚያ የሚቀመጥ እንግዳ ዓይኑ ከባለቤቱ ዓይን ትክክል ይውላል። ባልና ሚስቱ ለ60 ዓመት ያህል ኖሩበት፤ አሁን ሙዚየም ነው።

የማኅበረሰቡ ነገር የመጣው ዘግየት ብሎ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ጆን ጎንሳልቭስ የተባለ የግንባታ ተቆጣጣሪ፣ ኢራቅ ውስጥ ሁለት እግሩን ስላጣ ወታደር በቴሌቪዥን ሰማ። ለእንዲህ ያለ ሰው ቤት የሚሠራ ድርጅት ፈልጎ በጉልበቱ ሊያግዝ አሰበ፤ ቢፈልግ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2004 ራሱ መሠረተው፤ ስሙ ሆምስ ፎር አወር ትሩፕስ ይባላል። ቁስለኛው መኖር የሚፈልግበትን ግዛት ይመርጣል፤ ቤቱ ተሠርቶ ያለ ዕዳ ይሰጠዋል። ልብ በሉልኝ፣ እዚያም ሰፈሩ ይወጣል፤ ግንባታው ሲጀመር ተሰብስቦ ይተዋወቃል፣ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሣርና አበባ ይተክላል። መሠረቱን፣ ግድግዳውንና መታጠቢያ ቤቱን የሚሠራው ግን ፈቃድ ያለው ሥራ ተቋራጭ ነው።

ይቺን የሥራ ክፍፍል እኛ ብንቀዳት ደስ ባለኝ። በየክረምቱ የአቅመ ደካሞችና የአገር ባለውለታዎች ቤት ሲታደስ ወጣቱ ቆርቆሮ ተሸክሞ፣ ጭቃ ረግጦ፣ ብሎኬት አቀብሎ ይውላል። ደቦው ደም ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ማንም አላስተማረንም። ችግሩ ልኩን የሚይዝ ሰው አለመኖሩ ነው። በሩ ስንት ይሁን ሲባል «እንደ ሌላው በር» ይባላል። የላሜራ በር የሚሠራው ሰውዬ ዘጠና ሴንቲ ብላችሁ ብታዙት ዘጠና ይሠራል፤ ሰባ ካላችሁት ደግሞ ሰባ፤ ዊልቸሩን አላየውማ።

አሁን ወደ ራምፕ ልምጣ። ብዙ ሰው ራምፕ ካለ ቤቱ ለጉዳተኛ ተመቻችቷል ብሎ ያምናል። በ2001 ዓ.ም. በወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ በአዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 ላይ፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድና ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው መግቢያ ሊኖረው እንደሚገባ ተደንግጎ ነበር። ጥሩ ሕግ ነበር። ውጤቱን ለማየት ግን አዲስ አበባ ውስጥ በየሕንፃው በር መሄድ ይበቃል፤ ደረጃው ጎን ጥግ ይዞ የተለጠፈ፣ የልጆች ሸርተቴ የመሰለ ሲሚንቶ አለ። አንዳንዱ ላይ ሞተር ሳይክል ይቆምበታል፤ አንዳንዱ ላይ የአበባ ማሰሮ ተደርድሯል። ጥበቃውን ብትጠይቁት «ራምፕ እኮ አለ» ይላችኋል። አለ።

የራምፕ ስሌት የልጅ ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ሴንቲ ከፍታ ቢያንስ አሥራ ሁለት ሴንቲ ርዝመት። በሩ ከግቢው 50 ሴንቲ ከፍ ካለ ራምፑ 6 ሜትር ይሆናል። ከ76 ሴንቲ በላይ የሚወጣ ከሆነ መሐል ላይ ማረፊያ ሜዳ ይፈልጋል። አንድ ለአሥራ ሁለት የሚለው ቁጥር ከሰማይ አልወረደም። ቲሞቲ ኑጀንት የተባለ ሰው በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ ብዙዎቹ ከጦር ሜዳ የተመለሱ የዊልቸር ተማሪዎችን ይዞ ባካሄደው ጥናት ላይ ተመሥርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የመጀመሪያው የአሜሪካ የተደራሽነት ደረጃ ወጣ። ስድስት ገጽ ብቻ ነበረች። ቁጥሩ ደግሞ የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የሚመረጠው ልክ አይደለም፤ ቦታ ካለ አንድ ለሃያ ይሁን፤ ጥቅሙ የሚታወቀው እጅ የደከመ ቀን ነው።

በእኛ ሰፈር አንድ የቀድሞ ወታደር አሉ፤ ሁለቱንም እግራቸውን ባድመ ላይ ፈንጂ ወስዶባቸዋል። ሰፈሩ ስማቸውን ትቶ አስር አለቃ ነው የሚላቸው። እድሩና ወጣቱ ተባብሮ የጭቃ ቤታቸውን አፍርሶ በብሎኬት ሠራላቸው፤ ከበሩ ፊትም ራምፕ ገነባ። ቤቱ ከተመረቀ በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ደጅ፣ ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል።

«እንኳን ለአዲስ ቤት አበቃዎት፣ አስር አለቃ።»

«አሜን ልጄ። ቤቱ ተመርቋል፤ እኔ ነኝ ገና ያልገባሁት።»

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። «ና እስኪ ከኋላዬ ቁም፤ እንዳትነካኝ፣ ግን እንዳትርቅ» አሉኝና ወንበሩን ወደ ራምፑ አዞሩ። ከፍታው ግማሽ ሜትር፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ጎማውን አንዴ ገፉ፣ ሁለቴ ገፉ። በሦስተኛው የፊት ትንንሾቹ ጎማዎች ከመሬት ለቀቁና ወንበሩ ከነሰውዬው ወደ ኋላ እጄ ላይ ወደቀ።

ይህ የጉልበት ማነስ አይደለም። እግር ያለው ሰው ዊልቸር ላይ ሲቀመጥ የእግሩ ክብደት ከፊት ይይዝለታል። ሁለት እግሩን ያጣ ሰው ግን ክብደቱ ሁሉ ከኋላው ጎማ በላይ ነው፤ ትንሽ ዳገት ይገለብጠዋል። ለዚህ ነው እግር ለሌለው ሰው የሚዘጋጅ ዊልቸር የኋላ ጎማው መግጠሚያ ወደ ኋላ ገፋ የሚደረገው። ያ ራምፕ ለሌላ ሰው አስቸጋሪ ነው፤ ለእሳቸው አደገኛ ነበር። ቁልቁለቱማ ይብሳል፤ መዳፍ ጎማው ላይ እየተፋተገ ይላጣል።

ራምፑን አፍርሰን በግቢው አጥር በኩል አስረዘምነው። ሠራተኞቹ ልማድ ሆኖባቸው ላዩን ሊሾ ሊያደርጉት ሲሉ በመጥረጊያ በአግድሙ እንዲሸካከር አስደረግሁ፤ ሊሾ ራምፕ በሐምሌ ዝናብ በረዶ ነው። በሁለቱ ጠርዝ አሥር ሴንቲ የሚሆን ክፈፍ ተሠራ፤ ጎማ ተንሸራቶ እንዳይወጣ። አናቱ ላይ፣ ከበሩ ፊት፣ ሜዳ ተተወ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ሜዳው ከሌለና በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ሰውዬው አንድ እጁ እጀታ ላይ፣ አንድ እጁ ጎማ ላይ ሆኖ ዳገት ላይ ሊጠብቅ ነው ማለት ነው።

«መሠረቱን ዝቅ አድርጎ ራምፑን ጨርሶ ማስቀረት አይሻልም ወይ?» የሚል አለ። ይሻላል። ግን አዲስ አበባ ክረምት አላት። ወለል የምናነሳው ጎርፍ እንዳይገባ ነው፤ አባቶቻችን ያለ ምክንያት ደፍ አላበጁም። መላው የግቢውን አፈር ከአጥሩ ጀምሮ ቀስ በቀስ እያነሱ ወለሉ ላይ ማድረስና ከበሩ ፊት በፍርግርግ ብረት የተከደነ ቦይ ማስቀመጥ ነው። ውሃው ቦዩ ውስጥ ይወርዳል፤ ጎማው በፍርግርጉ ላይ ያልፋል። የፍርግርጉ ብረት የጎማውን መሄጃ የሚያቋርጥ ይሁን፤ ከመሄጃው ጋር እኩል ከተዘረጋ ትንሹ የፊት ጎማ ገብቶ ይቀረቀራል።

ሰው ሠራሽ እግር ስላለው ሰውም አንድ ነገር ልናገር። ሰፈሩ ቀን ቀን ቆሞ ሲሄድ ያየዋልና «እሱማ ይራመዳል» ብሎ ለሚራመድ ሰው ቤት ይሠራለታል። ሲመሽ እግሩን አውልቆ አልጋው ሥር እንደሚያኖረው አያይም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሽንቱ ሲመጣ በዊልቸር ወይ በክራንች፣ ያለዚያም በቂጡ እየተንፏቀቀ ነው የሚሄደው። የመታጠቢያ ቤቱ በር የሚለካው ለዚያ ሰዓት ነው። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነና ሰውዬው ውስጥ ከወደቀ፣ ገላው በሩን ይዘጋውና የሚያነሳው ሰው መግባት ያቅተዋል። ይህን ለማወቅ ምህንድስና መማር አያሻም፤ አንድ ቀን መውደቅ ወይም የወደቀን መጠየቅ ይበቃል።

የመጸዳጃው መቀመጫ ከ43 እስከ 48 ሴንቲ ከፍታ ይሁን፤ ከዊልቸሩ ተንሸራቶ ለመዛወር። የጉድጓድ መጸዳጃ ከሆነ በላዩ የሚቀመጥ ቀዳዳ ያለው ጠንካራ የእንጨት ወይም የብረት በርጩማ ማሠራት ብዙ ወጪ የለውም። መደገፊያ ብረቱ ሰድር ላይ በትንሽ ብሎን መጣበቅ የለበትም፤ ግድግዳው ሲገነባ ኮንክሪቱ ውስጥ ይግባ። የአንድ ትልቅ ሰው ሙሉ ክብደት ነው የሚንጠለጠልበት።

ስለ ማድ ቤት ብዙ አልናገርም፤ ማንም ስለማይጠይቀኝ። ጦር ጉዳተኛ ሲባል ወንድ ብቻ ይታሰባል፤ የሚበስልለት እንጂ የሚያበስል አይመስለንም። በታጋይነት ዘመናቸው አከርካሪያቸውን የተመቱ አንዲት እናት አውቃለሁ፤ እንጀራቸውን ራሳቸው ይጋግራሉ። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ጉልበት የሚገባበት ባዶ ቦታ ሲሠራላቸው የሙቅ ውሃውን ቧንቧ በጨርቅና በፕላስቲክ ያስጠቀለሉት እሳቸው ናቸው፤ እግራቸው ስለማይሰማቸው ቢቃጠሉ የሚያውቁት ቁስሉን ሲያዩ ነው።

ምጣዱን በተመለከተ የአሜሪካኖቹ መመሪያ አያግዝም። ምጣዱ በቆመ ሰው ልክ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ አክንባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ በቀጥታ የተቀመጠ ሰው ፊት ላይ ነው የሚወጣው። እሳቸው አናጺውን ጠርተው የጠረጴዛውን እግር አስቆረጡት። ምጣዱ ከክርናቸው ዝቅ አለ፤ ጉልበታቸው ሥሩ እንዳይገባ ደግሞ ወንበሩን አግድም ያቆማሉ፤ አክንባሎውን የሚያነሱትም ከራሳቸው ወዲያ ካለው ጠርዝ ነው። አናጺው አጠረብኝ ብሎ ቢያጉረመርም «አንተ አትጋግርበትም» ብለው ሸኙት።