ወሬው ያለው ማጠቡ ላይ ነው

ባክቴሪያን ለማየት የሚያስቸግረው ትንሽነቱ ይመስላችኋል አይደል? ትንሽነቱስ መላ አለው። ሺህ ጊዜ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ በየጤና ጣቢያው ይገኛል። ዋናው ጣጣ ባክቴሪያው ብርሃን አለመከልከሉ ነው። ገላው አብዛኛው ውሃ ስለሆነ በጠብታው ውስጥ ያለፈ ብርሃን በእሱም ውስጥ ያልፋል፤ ዓይናችሁን ሌንሱ ላይ ብትተክሉም ግልጽ ነገር ውስጥ የተቀመጠ ግልጽ ነገር ነው የምታገኙት።

መፍትሔው የመጣው ከልብስ ቀለም ነው። በ1856 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ) ዊሊያም ፐርኪን የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ በሚገኝ ነገር ሐምራዊ ቀለም ሠራ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎች ዓይነት በዓይነት ቀለም ማፍላት ጀመሩ፤ የጀርመን ሐኪሞች ደግሞ ለጨርቅ የተሠራውን ወስደው ሥጋና ጀርም ላይ ይሞክሩት ገቡ። ከእነዚህ ቀለሞች ብዙዎቹ ፖዘቲቭ ቻርጅ አላቸው፤ የባክቴሪያ ገላ ደግሞ ኔጋቲቭ ነው። ይሳሳባሉ፣ ይጣበቃሉ፣ ነገሩ ቀላል ነው።

ግን ቀላል መሆኑ ራሱ ችግር አመጣ። ሁሉም ባክቴሪያ ቀለሙን ይጠጣል። በዙሪያው ያለው የሰው ሥጋም ይጠጣል። ሁሉ ነገር ሐምራዊ ከሆነ ምን ለይታችሁ ታያላችሁ?

እዚህ ላይ ሃንስ ክርስቲያን ግራም ይመጣል፤ በርሊን ውስጥ በአንድ ሆስፒታል አስከሬን ክፍል ከካርል ፍሪድሌንደር ጋር ይሠራ የነበረ ዴንማርካዊ ሐኪም። የፈለገው ነገር ትንሽ ነበር፤ በሳምባ ምች ከሞቱ ሰዎች ሳምባ ላይ ባክቴሪያው ብቻ ጎልቶ ሥጋው እንዲገረጣለት። በ1884 ዘዴውን ሲያሳትም ገና ብዙ ጉድለት እንዳለበት ራሱ ጻፈ። ለምሳሌ የታይፎይድ ባክቴሪያ ቀለሙን አልያዘ ብሎታል። ዛሬ የዘዴው ትልቁ ጥቅም የሚባለው ግን ይኸው አንዳንዱ መያዙ፣ አንዳንዱ መልቀቁ ነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ናሙናው ስላይድ ላይ በስሱ ይቀባል፣ በአየር ይደርቃል፣ ከዚያ እሳት ላይ ሁለት ሦስቴ እልፍ ይደረጋል፤ ባክቴሪያው በዚያው ይሞታል፣ መስታወቱም ላይ ይጣበቃል። ቀጥሎ ክሪስታል ቫዮሌት ለአንድ ደቂቃ ይፈስበታል። (ለአፍ ቁስል የሚቀባውን ያንን ከንፈር የሚያቀልም ጄንሺያን ቫዮሌት ታስታውሱታላችሁ? ዋናው ንጥረ ነገሩ ይኸው ነው።) ታጥቦ አዮዲን ይከተላል። አዮዲኑ ሴሉ ውስጥ ከገባው ቀለም ጋር ተጣምሮ ትልልቅ ቅንጣት ይሠራል። እስከዚህ ድረስ ስላይዱ ላይ ያለው ሁሉ ሐምራዊ ነው፤ የተለየ ምንም ነገር አልነገራችሁም።

አሁን አልኮል ይፈስበታል፤ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ። ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። እርድ የነካው ነጠላ ምን ዓይነት ጨርቅ እንደሆነ የሚታወቀው ሲታጠብ እንደሆነ ሁሉ፣ ባክቴሪያውም ማንነቱን የሚያወጣው ሲታጠብ ነው። አንዱ ወገን ከስኳርና ከአሚኖ አሲድ የተሠራ፣ ፔፕቲዶግላይካን የሚባል ወፍራም ግድግዳ አለው። አልኮሉ የዚህን ግድግዳ ውሃ ሲመጥጠው ቀዳዳዎቹ ይጠባሉ፤ ያ ትልቅ ቅንጣት መውጫ ያጣል። የሌላው ወገን ግድግዳ ስስ ነው፤ ከውጭ የሸፈነው ቅባታም ሽፋንም በአልኮሉ ይፈርሳል፣ ቀለሙም ወጥቶ ይሄዳል። በመጨረሻ ሳፍራኒን የሚባል ቀይ ቀለም ሲፈስ ባዶ የቀረው ሮዝ ይሆናል። ሐምራዊው ግራም ፖዘቲቭ፣ ሮዙ ግራም ኔጋቲቭ ይባላል። (ቀዩን ግራም አይደለም ያመጣው፤ ኋላ የተጨመረ ነው።)

ጥቂት ሰከንድ ያልኩት ለማጋነን አይደለም። አልኮሉ ሲበዛ ወፍራሙም ይለቅና ሮዝ ይሆናል፤ ሲያንስ ስሱም ሐምራዊ ሆኖ ይቀራል። ያረጀ ባክቴሪያም ግድግዳው ስለሚላላ ያሳስታል። ለዚህ ነው ጥሩ የላቦራቶሪ ባለሙያ ከሰዓቱ ይልቅ ከስላይዱ የሚወርደውን ፈሳሽ የሚያየው፤ ሐምራዊነቱ ሲጠፋ ወዲያው ውሃ ይደፋበታል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ማጅራት ገትር የተጠረጠረበት ሰው መጣ እንበል። ከጀርባው የተቀዳውን ፈሳሽ አሳድጎ ባክቴሪያውን መለየት ቢያንስ አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በግራም ቀለም ግን በደቂቃዎች ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ ሮዝ ክቦች ከታዩ ሜኒንጎኮከስ፣ ጥንዶቹ ሐምራዊ ከሆኑ ደግሞ ኒሞኮከስ ይጠረጠራል። ፔኒሲሊን የሚያጠቃውም ያንኑ ግድግዳ መሆኑን ስታስቡ፣ ቀለሙና መድኃኒቱ ስለ አንድ ቦታ እያወሩ መሆኑ ይገባችኋል። እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ይኸ ነው።

የቲቢ ባክቴሪያ ግን ለግራም እጅ አይሰጥም። ግድግዳው ላይ ማይኮሊክ አሲድ የሚባል ሰም መሰል ነገር ስላለ ቀለሙ በወጉ አይገባለትም። ሮበርት ኮኽ በማርች 24 ቀን 1882 በርሊን ላይ ባክቴሪያውን ሲያሳውቅ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ፓውል ኤርሊኽ ኮኽ የተጠቀመበትን የማቅለም ዘዴ ማሻሻሉን ወዲያው ተያያዘው። ስላይዶቹን ሊያደርቃቸው የጠፋ ምድጃ ላይ ትቷቸው ሳለ ሳያውቁ ምድጃውን ለኮሱበትና በሙቀቱ ቀለሙ ሰምሮ ተገኘ ይባላል። ኋላ ኤርሊኽ ባክቴሪያውን በገዛ አክታው ውስጥ አግኝቶ ለመዳን ወደ ግብፅ ሄዷል።

ዛሬ የምንጠቀምበት በዚል እና በኒልሰን ስም የሚጠራው ዘዴ ነው። ካርቦል ፉክሲን የተባለው ቀይ ቀለም ስላይዱ ላይ ሳይፈላ እንፋሎት እስኪያወጣ ይሞቃል፤ ሰሙ ሲላላ ቀለሙ ይገባል። ከዚያ በአሲድና በአልኮል ይታጠባል። ሌላው ሁሉ ሲለቅ ቲቢ አይለቅም። በመጨረሻ ሰማያዊ ቀለም ሲፈስበት በሰማያዊ መደብ ላይ ቀጫጭን ቀያይ በትሮች ይታያሉ። የዘዴው ድክመት በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ ከሌለ አለማሳየቱ ነው፤ ጂን ኤክስፐርት የመሳሰሉ ማሽኖች ቦታውን እየወሰዱ ያሉትም በዚህ ነው።

የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የቲቢ ዘመድ ስለሆነ በዚሁ ዘዴ፣ አሲዱ ለስለስ ተደርጎ፣ ይታያል። አዲስ አበባ ያለው የምርምር ተቋም በስሙ የተሰየመለት ኖርዌያዊው አርማወር ሃንሰን ግን በ1873 ሲያየው ይህ ዘዴ ገና አልነበረም!

መሞከር ያማራችሁ ካላችሁ፣ በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ከመምህር ጋር ሆናችሁ ከእርጎ ጀምሩ። ቅባቱ እንዳያስቸግር በውሃ አቅጥኑት። የእርጎ ባክቴሪያዎች ግራም ፖዘቲቭ ናቸው፤ ሰንሰለት የሠሩ ክቦችና በትሮች ሐምራዊ ሆነው ይወጡላችኋል። ሮዝ ከበዛባችሁ ወይ አልኮሉ በዝቷል፣ ወይ እርጎው ውስጥ ሌላ እንግዳ ገብቷል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ባለሙያዎቹ የሚያደርጉትን አድርጉ፦ እዚያው ስላይድ ጥግ ላይ ሐምራዊ መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ ባክቴሪያ ቀቡና አብራችሁ እጠቡት።