የቤት ሳሙና አረፋ ስለ ምን ያንሰዋል?

ገዢ ሳሙናን የሚመዝነው በአረፋው ነው። አንዱን ቍራሽ አንሥቶ ያገላብጣል፣ ያሸታል፣ ውሃ ከተገኘም በእጁ አሽቶ ያያል፤ አረፋው ካልተነሣለት መልሶ ያስቀምጠዋል። እርግጥ እድፍን የሚያስለቅቀው አረፋው ራሱ አይደለም። ስብንና ውሃን የሚያዋሕደው የሳሙናው ባሕርይ ሲሆን፣ አረፋው ሳሙናው በውሃው ውስጥ ተርፎ መገኘቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። ገበያ ግን በምልክት የሚሄድ ስለ ሆነ፣ በቤቱ ሳሙና አብስሎ ለመሸጥ የሚነሣ ሰው የአረፋን ነገር ሊንቀው አይችልም።

ነገሩን በምሳሌ ለመመርመር ጎዶማ የተስማማች ስፍራ ናት። ጎዶማ የምትገኘው በሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ነው። ሞያሌም አንድ ስም ይዛ በሁለት መንግሥታት ግዛት የምትኖር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍባት የጠረፍ ከተማ ስትሆን፣ በ2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራ የጠረፍ መቈጣጠሪያ ጣቢያ መርቀው ከፍተውባታል። በዙሪያዋ ያለው አገር የቦረና ከብት የሚረባበት እንደ መሆኑ መጠን ለሳሙና የሚሆን ሞራ አይጠፋም። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚሁ ከሞራውና ከውሃው ነው።

የከብት ሞራ ጠንካራና በቶሎ የማያልቅ ሳሙና ይወጣዋል፤ አረፋው ግን ዘግይቶ የሚነሣ፣ ደቃቅና ጥቂት ነው። በሌላ በኩል ከጥልቅ ጉድጓድ የሚቀዳ ውሃ በድንጋይ መካከል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም የተባሉትን ማዕድናት ይዞ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ውሃ ከሳሙናው ጋር ሲገናኝ እርጎ የመሰለ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ይህ ዝቃጭ ተሠርቶ እስኪያበቃ ድረስም አረፋ አይታይም። ስለዚህ ሳሙናውን ከመውቀስ በፊት ውሃውን መፈተን ይገባል። ፈተናው ቀላል ነው፦ በሁለት ጠርሙስ፣ በአንዱ የዝናም ውሃ፣ በሌላው የጉድጓዱን ውሃ እኩል አድርጎ ጨምሮ፣ በየጠርሙሱ እኩል የሳሙና ፍርፋሪ ከትቶ መነቅነቅ ነው። የዝናሙ አረፋ ሲይዝ የጉድጓዱ ቢደፈርስ ጥፋቱ የውሃው ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። በደቡብ ኬንያ ካለው ከማጋዲ ሐይቅ የሚወጣው ሶዳ በማጠቢያው ውሃ ውስጥ በጥቂቱ ቢሟሟ ማዕድናቱን አዝቅጦ ውሃውን ያለሰልሰዋል። ሆኖም ማጋዲ ኮስቲክ ሶዳ አይደለም፤ በእርሱ ሞራ አብስሎ ሳሙና ለማውጣት የሚሞክር ሰው ድካሙም ሞራውም ይባክናል። ነጋዴን የሚያሳስት ሌላም ስም አለ። በኢትዮጵያ በኩል፣ በቦረና ምድር፣ ሶዳ እየተባለ ከሚጠራው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ የሚወጣው ሶዳ ሳይሆን ጥቁር ጨው ነው። ጨው ደግሞ የሞራን ሳሙና ከውሃ ለይቶ ያንሳፍፈዋል እንጂ አረፋ አይጨምርለትም።

ጨው የማይበግረው የኮኮናት ዘይት ሳሙና ነው። በቀድሞ ዘመን መርከበኞች በባሕር ውሃ ለመታጠብ ይይዙት የነበረው ከዚህ ዘይት የተሠራ እንደ ነበር በባሕር ዳር የሚኖር አንባቢ ሊያስታውስ ይችላል። የኮኮናት ዘይት ግማሽ ያህሉ ሎሪክ አሲድ ስለ ሆነ አረፋው ፈጣንና ትላልቅ ነው። ለጎዶማ ሳሙና አብሳይ ይህ ዘይት ከኬንያ ጠረፍ፣ ከሞምባሳ በኩል የሚመጣ እንጂ የአገር ቤት ፍሬ አይደለምና ዋጋው ከሞራ ይከብዳል፤ ነገር ግን ብዙ አያስፈልገውም። 700 ግራም የተጣራ ሞራ፣ 250 ግራም የኮኮናት ዘይትና 50 ግራም የጉሎ ዘይት ቢቀላቀሉ፣ 142 ግራም ያህል ንጹሕ ኮስቲክ ሶዳ በ350 ግራም ውሃ ተሟሙቶ ይበቃቸዋል። ልኩ በሚዛን እንጂ በጣሳ አይወሰድም። ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በሶዳው ላይ አይፈስም፤ ዕቃውም አሉሚንየም መሆን የለበትም። የኮኮናቱ መጠን ከሲሶ በላይ ከሆነ ቆዳን ያደርቃል።

የጉሎው ዘይት ብቻውን ብዙ አረፋ የለውም፤ ሥራው ሌላው ያነሣውን አረፋ ቶሎ እንዳይከስም መደገፍ ነው። የምጣድ ማሰሻ በመሆን በየቤቱ የታወቀው ጉሎ ለዚህ አገልግሎት መዋሉ ለብዙ ሰው አዲስ ነገር ይሆናል። ከጠቅላላው ስብ ከዐሥር እጅ አንድ እጅ ቢያልፍ ግን ሳሙናው ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል። ደግሞም ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ መርዝ ስላለበት ከብት በሚያረቡ ሰዎች ዘንድ እንደ መኖ እንዳይቈጠር ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል።

ከሁሉ የረከሰው ጭማሪ ስኳር ነው። ለግማሽ ኪሎ ስብ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ሶዳው ከመግባቱ በፊት በውሃው ውስጥ ቢሟሟ አረፋውን ይጨምራል። ማርም ይህንኑ ይሠራል፤ ነገር ግን ሁለቱም ውሁዱን ስለሚያግሉት ከልክ ሲያልፉ ሳሙናው ይሰነጠቃል፣ ይጠቁራል። የቦረናው የግራር ሙጫ ግን ከጥድ የሚገኘው የሳሙና ሙጫ ዓይነት አይደለም፤ ስሙ ሙጫ ስለ ሆነ ብቻ ወደ ድስቱ ሊገባ አይገባውም።

ስለ አረፋ ሲነሣ እንዶድን መዝለል አይቻልም። የኢትዮጵያ ሴቶች ነጠላና ኩታ ሲያጥቡበት የኖሩት ይህ ፍሬ አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን በተባለው ባሕርዩ ነው፤ ይህም የስብ ሳሙና ስላልሆነ ጠንካራ ውሃ እንደ ሞራ ሳሙና አያሸንፈውም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዓድዋ፣ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያስተዋሉት በዚሁ በእንዶድ ምክንያት ነበር፤ ግኝቱም ቢልሃርዝያን ለመከላከል ለተደረገው ጥናት በር ከፍቷል። ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ዓሣንም አይምርም፤ ዱቄቱም ዐይንንና አፍንጫን ይለበልባል። እንግዲህ እንዶድ ለልብስ ሳሙና እንጂ ለሕፃን ገላ የሚሆን ጭማሪ አይደለም።

አረፋ አነሰ ብሎ ኮስቲክ ሶዳ መጨመር ግን ከስሕተት ሁሉ የከፋ ነው። የተረፈው ሶዳ አረፋ ሳይሆን ቍስል ያመጣል፤ የገዢዋ እጅ አንድ ጊዜ ከተቃጠለም ያ ሳሙና ሻጭ ሁለተኛ አይገዛም። ይልቁንስ የሚጐድለው ብዙውን ጊዜ ትዕግሥት ነው። የተቈረጠው ሳሙና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቢደረደር ውሃው ይተናል፣ ይጠነክራል፣ አረፋውም ይሻሻላል። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ገበያ የወጣው ግን በሚዛን ከብዶ ይሸጥና በገዢው ቤት ቶሎ ሟሙቶ ያልቃል።