ዶቃዎቹን የሚገፋው ውሃ

ፕሮቲን በመቁጠሪያ ክር ላይ እንደተሰኩ ዶቃዎች የተያያዙ አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ሥራውን የሚሠራው ተጣጥፎ ቅርጹን ሲይዝ ነው፤ ይህ የትምህርት ቤት ነገር ስለሆነ አልቆይበትም። እኔ የምወደው ያንን መተጣጠፍ በኮምፒውተር ለመከታተል አተሞቹን ትቶ ዶቃዎቹን ብቻ የሚያንቀሳቅሰውን ስልት ነው። የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየው የኮምፒውተር ፕሮግራም አልፋፎልድ ከመጣ ወዲህ ብዙ ሰው ይህን ስልት ጊዜው ያለፈበት አድርጎ ያየዋል። አልፋፎልድ የሚሰጠን ግን መድረሻውን ነው፤ ሰንሰለቱ በየት በኩል ዞሮ እዚያ እንደደረሰ ለማየት አሁንም ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1975 ማይክል ሌቪትና አሪዬ ዋርሸል ከከብት ቆሽት የሚገኝ፣ 58 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ወሰዱ። እያንዳንዱን አሚኖ አሲድ በሁለት ነጥብ ወከሉት፤ አንዱ ለዋናው ሰንሰለት፣ ሌላው ለጎኑ ቅጥያ። ከተዘረጋ ሰንሰለት ተነስተው እውነተኛውን የሚመስል ጥቅልል አገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ የማርቲን ካርፕለስ ቡድን ያንኑ ፕሮቲን አተሞቹን ይዞ ሲያንቀሳቅስ የተከታተለው ከ10 ፒኮሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነበር። ሌቪት፣ ዋርሸልና ካርፕለስ በ2013 የኬሚስትሪን ኖቤል ተጋሩ።

አሁን ብዙዎች ወደሚስቱበት ልምጣ። የዶቃዎቹ መሳሳብ የሚጻፈው ወካይ እምቅ ጉልበት በሚባል ቀመር ነው። ተማሪዎች ቀመሩን «ዶቃ ዶቃን የሚስብበት ጉልበት» ብለው ይይዙታል። አይደለም። ውሃና የኑግ ዘይት በብርጭቆ አድርጋችሁ በጥብጡና ተዉት፤ የተበታተኑት ጠብታዎች ተመልሰው ይዋሃዳሉ። ዘይት ዘይትን በብርቱ ስለሚስብ አይደለም። የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ መያያዝ ስለሚቀናቸውና በዘይት ዙሪያ መደርደር እንደልብ መገላበጥ ስለሚከለክላቸው ነው። ቅባታማ አሚኖ አሲዶችም ወደ ፕሮቲኑ ሆድ የሚሸሸጉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ዶቃዎቹ ብቻ በሚታዩበት ሲሙሌሽን ውሃው ከዓይን ይሰወራል እንጂ አልጠፋም። ግፊቱ በአማካይ ተሰልቶ ቀመሩ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ቀመሩ የሚሰጠው ቁጥር ነፃ ኢነርጂ ነው፤ የውሃው የመገላበጥ ነፃነት፣ ማለትም ኢንትሮፒ፣ አብሮበት አለ። ኢንትሮፒ ያለበት ነገር ደግሞ ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል። በ25 ዲግሪ የተስተካከለ ቀመር የ25 ዲግሪ ቀመር ነው።

አንድ ጎበዝ ተማሪ ግራፍ ይዞልኝ መጣ። ያንን ቀመር ሳይነካ ሙቀቱን ወደ ዜሮ አውርዶ፣ ፕሮቲኑ በቀዘቀዘ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል ብሎ ጽፏል። «ጋሼ፣ መስመሩን ይዩት፣ አንድም ቦታ አይዛነፍም» አለኝ። እንዴት ይዛነፋል? መሳሳቡ ካልተለወጠ የቀዘቀዘ ዶቃ ከመጣበቅ ሌላ ምን ያደርጋል? በእውነተኛው ውሃ ውስጥ ግን ቅባታማውን የሚገፋው ኃይል ሲበርድ ይደክማል፤ በሙቀት ብቻ ሳይሆን በቅዝቃዜም የሚፈቱ ፕሮቲኖች አሉ። ቀመር ስትወስዱ እባካችሁ በስንት ዲግሪ እንደተሠራ መጀመሪያ አንብቡ።

የሲሙሌሽኑን ሰዓትም እንዲሁ አትመኑት። ዶቃ ከአተም ይልቅ ሳይሰናከል ይንሸራተታል፤ ማርቲኒ በሚባለው ሞዴል የተገኘን ጊዜ በ4 ማባዛት የተለመደ ነው፣ እሱም ግምት ነው።

ተማሪው በሳምንቱ ተመለሰ። ለየሙቀቱ የየራሱን ቀመር ሠርቶለታል፤ በቅዝቃዜው በኩል መስመሩ ጎብጦ ነበር።