የልብ ምርመራ ውጤትና የሙያ መንጃ ፈቃድ በብሪታንያ

በብሪታንያ የልብ ደም ሥሩ በድንገት ተዘግቶ የታመመ የአውቶቡስ ወይም የከባድ ጭነት መኪና አሽከርካሪ ለፈቃድ ሰጪው ኤጀንሲ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ቢያንስ ለ6 ሳምንታት ከማሽከርከር ይታገዳል፤ ፈቃዱ የሚመለስለትም የምርመራ ውጤቱ መስፈርቱን ሲያሟላ ነው።

መስፈርቶቹ በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ የግራው የታችኛው የልብ ክፍል በእያንዳንዱ ምት ከያዘው ደም ቢያንስ 40 በመቶውን መርጨቱ ነው። ሁለተኛው፣ በመራመጃ ማሽን ላይ የሚካሄደው የብሩስ ፈተና ነው፤ ፍጥነቱና ዳገቱ በየ3 ደቂቃው እየጨመረ ሲሄድ አሽከርካሪው የልብ ችግር ምልክት ሳይታይበት 9 ደቂቃ መዝለቅ አለበት። የደረት ውጋት መከላከያ መድኃኒቶች ከፈተናው በፊት ለ48 ሰዓታት ይቋረጣሉ። መራመድ የማይችል ሰው በሌላ የልብ ጫና ምርመራ ሊመዘን ይችላል።

ችግሩ የሚመነጨው ከሁለቱ ምርመራዎች የዓላማ ልዩነት ነው። ሐኪሙ የሚመረምረው ሕክምናው መሥራቱን ለማወቅ ሲሆን፣ ኤጀንሲው ግን ልብ ያለ መድኃኒቱ ድጋፍ ጫናን መቋቋሙን ይጠይቃል። በመሆኑም "ተሽሎታል" የሚል የሐኪም ደብዳቤ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የአሽከርካሪው እንጀራ የሚመለሰው በዳነበት ቀን ሳይሆን ተፈላጊው ውጤት በቀረበበት ጊዜ ነው።