ባሱ ለአባቴ ጠፋ፣ ለእናቴ በዛ

ስለ ሞገድ የተማርነውን ብዙዎቻችን ፈተናው እንዳለፈ ከደብተሩ ጋር እንዘጋዋለን። እኔም እንደዚያው አድርጌ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ያው ሞገድ እቤታችን ሳሎን ድረስ መጥቶ ዳግመኛ አስጠናኝ። በዚህ ጽሑፍ የራሳቸው አምፕሊፋየር ያላቸውን ረጃጅም ስፒከሮች ከሰብዉፈር ጋር እንዴት ማስማማት እንደሚቻል፣ የደረሰብኝን እያነሳሁ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ የምትኖረው ታላቅ እህቴ አገባች። አባቴና እናቴ ቪዛ ስላልተፈቀደላቸው ሠርጉ ላይ አልተገኙም። እህቴ ይሄ ነገር ከአንጀቷ አልወጣ ቢላት የሠርጉን ቪዲዮ በፍላሽ ላከች፤ "እንደ ሲኒማ ቁጭ ብላችሁ እዩት" ብላም ከዘመድ ዕቃ ጋር ሁለት ረጃጅም ስፒከሮች ጨመረችበት። ሪሲቨሩንና ሰብዉፈሩን አባቴ ቀደም ብሎ እዚሁ ገዝቶ ነበር። ሁሉንም ገጣጥመን ቪዲዮውን ከፈትነው። ከበሮው ሲመታ የቡፌው ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ሽማግሌው ሲመርቁ፣ እህቴም ማይክ ይዛ ስትናገር ግን ቃሉ አይለይም። እናቴ ከኋላ ካለው ሶፋ ላይ ሆና "ከበሮውንማ ጠገብኩት፤ ልጄ ምን እንዳለች ነው ያልሰማሁት" አለች። አባቴ ደግሞ መሀል ካለው ወንበሩ ሳይነሳ "የምን ከበሮ? ይሄ ሁሉ ዕቃ ተደርድሮ ባስ የለውም እኮ!" አለ።

ሳሎኑ አንድ፣ ቪዲዮው አንድ፣ ሰዓቱም አንድ ነው። ዘመድ የተጠራው ከሁለት ሳምንት በኋላ ለእሑድ ነበር። አባቴ "ካልሆነ ይሸጥ፤ ለእሷ ግን እንዳትነግሯት" ብሎ ነገሩን ዘጋው። ኢንጂነሪንግ የሚማረው ልጅ እኔ ስለሆንኩ ዕዳው እኔ ላይ ወደቀ።

አንደኛ፦ ሶኬቱ

ወደ ድምፁ ከመግባቴ በፊት ስለ መብራቱ አንድ ነገር ልበል። ተራ ረጅም ስፒከር ኃይሉን የሚያገኘው ከሪሲቨሩ በሚመጣው የስፒከር ገመድ ብቻ ነው። እነዚህኞቹ ግን ለወፍራሙ ድምፅ የሚሆን የራሳቸው ዉፈርና አምፕሊፋየር ከታች ስላላቸው የመብራት ገመድም አላቸው። እያንዳንዱ ስፒከር ሆዱ ውስጥ ሰብዉፈር ይዟል ማለት ነው። እኛ አንድ ሰብዉፈር ያለን ይመስለን ነበር፤ ሲቆጠር ግን ሦስት ነበሩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልትና 60 ሄርዝ ሲሆን የኛ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። አንዳንድ ዕቃ በሁለቱም ይሠራል፤ የኛዎቹ ጀርባ ላይ ግን የተጻፈው 120 ብቻ ነበር። ሳላነብ ሰክቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ስለ ጭስ ይሆን ነበር። ስለዚህ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዛን። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ 50ውን ሄርዝ ወደ 60 አይቀይረውም። ስፒከሩ ውስጥ ያለው ለ60 ሄርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር በ120 ቮልትና በ50 ሄርዝ ቢሠራ በብረት እምብርቱ ውስጥ ያለው መግነጢሳዊ ፍሰት በ20 በመቶ ይጨምራል፤ የበለጠም ይሞቃል። የገዛነው ትራንስፎርመር የሚያወጣው 110 ቮልት ስለሆነ ጭማሪው ወደ 10 በመቶ ወረደልን። ዋቱንም ስፒከሮቹ ከሚፈልጉት ከፍ ያለ መረጥን። ቢሆንም በመጀመሪያው ቀን በየግማሽ ሰዓቱ ጀርባቸውን በእጄ እየዳበስኩ ሙቀታቸውን እከታተል ነበር።

ስናበራው ደግሞ ያለ ሙዚቃ "ዥ..." የሚል ድምፅ ተሰማ። ይህ ብዙውን ጊዜ ዕቃዎቹ በተለያየ ሶኬት ሲሰኩ በመሬት ሽቦና በድምፅ ገመዱ በኩል በሚፈጠር ዙር ምክንያት የሚመጣ የመብራቱ የራሱ ድምፅ ነው። ሁሉንም ከአንድ ዲቫይደር ስናበላው ቀነሰ። የመሬቱን ሽቦ ቆርጦ ድምፁን ማጥፋት የሚመክር ሰው አይጠፋም። እሱን አትስሙት፤ ያ ሽቦ ሕይወት የሚያድን ሽቦ ነው።

ሁለተኛ፦ ማን የቱን ይጫወት?

ወጥ ውስጥ ሦስት ሰው በየተራ ሳይነጋገር ጨው ቢጨምር ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። የኛም ሪሲቨር ያደረገው ይህንኑ ነው። ሪሲቨሩ ለእያንዳንዱ ስፒከር "ትልቅ" ወይም "ትንሽ" የሚል ምርጫ አለው። "ትልቅ" ከተባለ ወፍራሙም ቀጭኑም ድምፅ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። "ትንሽ" ከተባለ ከተወሰነ ድግግሞሽ በታች ያለው ተቆርጦ ወደ ሰብዉፈሩ ይላካል። እኛ "ቁመቱ ይህን ያህል ሆኖ እንዴት ትንሽ ይባላል?" ብለን "ትልቅ" አልነው። በዚያ ላይ ባሱን ለሰብዉፈሩም ጭምር የሚልከውን ምርጫ አበራን። መለያ ድግግሞሹ ደግሞ 150 ሄርዝ ላይ ነበር። ስለዚህ ያው የከበሮ ምት ከሦስት ቦታ ወጣ። የወንድ ድምፅ መሠረታዊ ድግግሞሽ ከ100 ሄርዝ ዙሪያ ስለሚጀምር የሽማግሌው ምርቃት ግማሹ ጥግ ካለው ሰብዉፈር ይጎመጉም ነበር። ወፍራሙ ሲበዛ ደግሞ ቃላትን የሚለዩት እንደ "ሰ"ና "ተ" ያሉ ቀጫጭን ድምፆች ይዋጣሉ። እናቴ የጆሮ ችግር አልነበረባትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልጨምር። ፊልሞች ለወፍራም ድምፅ ብቻ የተለየ ቻናል አላቸው፤ 5.1 ሲባል ".1" የተባለው እሱ ነው። የሠርግ ቪዲዮው ግን ግራና ቀኝ ብቻ ነው፤ ያ ቻናል የለውም። ስለዚህ ሰብዉፈሩ የሚያገኘው ሪሲቨሩ ከግራና ከቀኙ ቆርጦ የሰጠውን ብቻ ነው። በፊልም ጥሩ የነበረ ሲስተም በቪዲዮ የሚበላሸው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

እንደኛ ላለ ዕቃ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ሰብዉፈሩን ትቶ ስፒከሮቹን "ትልቅ" ማድረግና "ሰብዉፈር የለም" ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የፊልሙም ባስ ወደ እነሱ ይዞራል። ሁለተኛው ስፒከሮቹን "ትንሽ" አድርጎ ከመለያው በታች ያለውን ሁሉ ለሰብዉፈሩ ብቻ መስጠት ነው። ሦስተኛው ስፒከሮቹ የሰብዉፈር ገመድ መቀበያ ካላቸው የሪሲቨሩን የሰብዉፈር መውጫ ለሦስቱም አከፋፍሎ ሦስቱን እንደ አንድ ማሠራት ነው። ሦስተኛው በጣም ያጓጓል። ነገር ግን የኛ ሪሲቨር የሰብዉፈር መውጫው አንድ ስለሆነ ሦስቱን ለየብቻ ማዘግየት አይችልም። ስለዚህ ሁለተኛውን መረጥኩ። መለያውን 80 ሄርዝ አደረግኩት። ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1983 ሉካስፊልም ውስጥ የተጀመረው ቲኤችኤክስ ለቤት ሲኒማ የመረጠው ነው። ከዚያ በላይ ከፍ ሲል ጆሯችን ባሱ ከየት ጥግ እንደሚመጣ መለየት ይጀምራል። ሰብዉፈሩ ጀርባ ላይ ያለውን የራሱን መለያ ግን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ ሁለት ማጣሪያ ተደራርቦ እንዳይቆርጥ ነው። እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ የነበረውን የስፒከሮቹን የባስ መጠንም የሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፅ የሰው ድምፅ እስኪመስል ድረስ ቀነስኩት።

ሦስተኛ፦ ማን ቀድሞ ይደርሳል?

ሥራው ቢከፋፈልም 80 ሄርዝ አካባቢ ሁለቱም አብረው ይጫወታሉ፤ መለያው እንደ ቢላ አይቆርጥምና። እዚያ ላይ መስማማት አለባቸው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንድ የክፍል ጓደኛዬ "አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ይዘገያል" ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። የአየር ግፊቱና እፍጋቱ አብረው ስለሚቀንሱ ፍጥነቱን የሚወስነው በዋናነት ሙቀቱ ነው እንጂ ከፍታው አይደለም። ስለዚህ የ80 ሄርዝ ሞገድ ርዝመት 4.3 ሜትር፣ ግማሹ 2.15 ሜትር ገደማ ይሆናል።

በሜትር ስለካ ከእናቴ ሶፋ እስከ ስፒከሮቹ በአማካይ 4.6 ሜትር፣ ጥግ እስካለው ሰብዉፈር ደግሞ 2.4 ሜትር ሆነ። ልዩነቱ 2.2 ሜትር ነው፤ ግማሽ ሞገድ ማለት ይቻላል። አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ እርስ በርስ ይጣፋሉ። እኩል ሆነው ቢስማሙ ኖሮ በ6 ዴሲቤል ይደማመሩ ነበር። ለዚህ ነው የከበሮው ምት ጠፍቶ ከሥሩ ያለው ጉምጉምታ ብቻ የቀረው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሪሲቨሩ የእያንዳንዱን ርቀት እንዲነገረው ይጠይቃል፤ እኛ ሁሉንም ፋብሪካው እንደተወው እኩል አድርገነው ነበር። ርቀቱ በትክክል ሲሞላለት ቀድሞ የሚደርሰውን ያዘገየዋል። ሰብዉፈሩ ውስጥ ያለው ማጣሪያም የራሱ መዘግየት ስላለው ትክክለኛው ቁጥር ሜትሩ ካለው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ በ80 ሄርዝ የሚጫወት አንድ ቀጥ ያለ ድምፅ ከፍቼ፣ የሰብዉፈሩን ፌዝ ማዞሪያና የርቀቱን ቁጥር እየቀያየርኩ፣ ሶፋው ላይ ድምፁ ከሁሉ የሚጎላበትን ፈለግኩ። ሞባይል ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ ለዚህ ይበቃል፤ የምንፈልገው ብልጫውን እንጂ ትክክለኛውን ቁጥር አይደለምና።

አራተኛ፦ ሁለቱም ልክ ነበሩ

ይህ ሁሉ ሆኖም የአባቴና የእናቴ ክርክር አላለቀም። ይህን የፈታልኝ ክፍሉን መለካት ነው። ሳሎናችን ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር ነው። በሁለት ግድግዳ መካከል ግማሽ ሞገዱ ልክ የሚገባ ድምፅ እየተመላለሰ ቋሚ ሞገድ ይሠራል። 343ን ለ10 ስናካፍል 34 ሄርዝ፣ ለ8 ስናካፍል 43 ሄርዝ ገደማ ይመጣል። በቋሚ ሞገድ ጊዜ ግፊቱ ግድግዳው ሥር ከፍተኛ፣ መሀል ላይ ግን ባዶ ሊባል የሚችል ነው።

አሁን የኛን ሳሎኖች አስቡት። ሶፋው ዙሪያውን ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው። እናቴ የኋላውን ግድግዳ ተደግፋለች፤ 34ቱ ሄርዝ ተከምሮባታል። አባቴ ቴሌቪዥኑን በደንብ ለማየት ወንበሩን መሀል ላይ አድርጓል፤ እሱ ጋ ያው ድምፅ የለም። እሱ ድምፁን ሲጨምር እሷ ትደነቁራለች፣ እሷ ስትቀንስ እሱ ጋ ይጠፋል። በዋት ብዛት ይህን መፍታት አይቻልም። ጥግ ላይ የተቀመጠ ሰብዉፈር ደግሞ የክፍሉን ቋሚ ሞገዶች በሙሉ ስለሚቀሰቅስ ያባብሰዋል።

ቦታ ለመፈለግ የታወቀ ዘዴ አለ። ሰብዉፈሩን ሰው የሚቀመጥበት ሶፋ ላይ አውጥቶ ሙዚቃ መክፈትና፣ ወለሉ ላይ እየዳሁ ባሱ የሚስተካከልበትን ቦታ መፈለግ ነው። ድምፅ ሰጪና ሰሚ ቦታ ቢለዋወጡም የክፍሉ ጠባይ አይለወጥም። እኔም በአራት እግሬ ስድህ እናቴ ከጓዳ ወጥታ "ምን ጠፋህ ልጄ?" አለችኝ። "ባስ" አልኳት። የአባቴን ወንበር ላይም ደገምኩት። ለሁለቱም የተሻለው ቦታ ከቡፌው አጠገብ፣ የረጅሙ ግድግዳ መሀል ሆነ። ስሌቱም ይደግፈዋል፤ በርዝመቱ መሀል የቆመ ሰብዉፈር የ34 ሄርዙን ቋሚ ሞገድ መቀስቀስ አይችልም። አባቴንም ወንበሩን ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ኋላና ወደ ጎን እንዲያስጠጋ ለመንኩት። ሁለተኛ ሰብዉፈር ያለው ሰው ትይዩ ባለው ግድግዳ መሀል ቢያስቀምጠው የስፋቱን ሞገድ ይቀንስለታል። ቶድ ዌልቲ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባቀረበው ጥናት ትይዩ በሆኑ ግድግዳዎች መሀል የቆሙ ሰብዉፈሮች ድምፁን ለብዙ ተቀማጭ እኩል እንደሚያደርሱ አሳይቷል።

ቦታው ሲቀየር ርቀቱን እንደገና መለካትና ፌዙን እንደገና መፈለግ ግድ ነው። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ቦታ፣ ከዚያ የሥራ ክፍፍል፣ ከዚያ ርቀትና ፌዝ፣ መጨረሻ ላይ የድምፅ መጠን። እኔ ከመጨረሻው ስለጀመርኩ ነው ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ።

እሑድ ዕለት ዘመድ ሞላ። ሰብዉፈሩ ከመጀመሪያው ቀን በግማሽ ባነሰ ድምፅ ነው የተጫወተው። አባቴ ከበሮው ሲጀምር በእግሩ ምቱን ይከተል ነበር፤ ምንም አልተናገረም፣ ያ ለኔ በቂ ነው። እህቴ ማይኩን ይዛ የአባቴንና የእናቴን ስም ስትጠራ ሳሎኑ ጸጥ አለ። እናቴ ሪሞቱ እኔ ጋ መሆኑን ስለምታውቅ ዘወር ብላ "እስቲ መልሰው" አለችኝ። ሦስት ጊዜ መለስኩት።