ድራይቨሩ ነው ወይስ ጨዋታው?

አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጆይስቲክ ሰክተው ጨዋታው አልታዘዝ ሲልዎ፣ መጀመሪያ የሚሰሙት ምክር «ድራይቨር ይጫኑበት» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ከኢንተርኔት የተገኘው ሁሉ ይጫናል፤ ኮምፒውተሩ ማስታወቂያ ይሞላል፤ ጆይስቲኩ ግን እንደ በፊቱ ዝም። ምንም ከማውረድዎ በፊት ችግሩ ዊንዶውሱ ጋ ነው ወይስ ጨዋታው ጋ የሚለውን ይለዩ።

መለያው ዊንዶውስ ውስጥ አለ። የዊንዶውስን ቁልፍ ከ«አር» ጋር ይጫኑ። በሚከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ጄ፣ ኦ፣ ዋይ፣ ነጥብ፣ ሲ፣ ፒ፣ ኤል ብለው ጽፈው ኢንተር ይምቱ። ከሚመጣው ዝርዝር ጆይስቲኩን መርጠው «ፕሮፐርቲስ» ይክፈቱና በተኖቹን ይሞክሩ። ሲጫኑ መብራቶቹ ከበሩ፣ አናሎጉን ሲያዞሩ የመደመር ምልክቷ ከተንቀሳቀሰች ድራይቨሩ ሥራውን እየሠራ ነው። ምልክቷ ዳር ዳር ብቻ የምትዘል ከሆነ፣ ርካሾቹ ጆይስቲኮች መሐል ላይ ያለውን «አናሎግ» የሚል በተን ይጫኑ፤ ቀዩ መብራት ሳይበራ አናሎጉ የሚሠራው እንደ ቀስት በተን ነው።

ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ጥርጣሬው ከኬብሉ ይጀምር። ስልክ ለመሙላት ብቻ የተሠራ ኬብል ኤሌክትሪክ እንጂ መረጃ አያሳልፍም፤ ስለዚህ የጆይስቲኩ መብራት መብራቱ ምንም አያረጋግጥም። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኬዙ ፊት ነቅለው ከኋላ፣ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰኩት። ሰማያዊውን መሰኪያም ይተዉት፦ ዊንዶውስ 7 ለዩኤስቢ 3 የራሱ ድራይቨር የለውም። ይህም ካልረዳ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ይፈልጉ። ኮድ 28 ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። ኮድ 43 ግን መሣሪያው ራሱ ችግር እንዳለበት ስለተናገረ ዊንዶውስ አቁሞታል ማለት ነው፤ ከድራይቨር በፊት ሌላ ኬብል መሞከር ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ጨዋታ ጆይስቲክን የሚያነብባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አሮጌው ዳይሬክትኢንፑት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የመጣ ነው። አዲሱ ኤክስኢንፑት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኤክስቦክስ 360 ጋር መጣ። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ለኮምፒውተር የወጣው ኤክስቦክስ 360 ገበያ ላይ ሊውል ጥቂት ወራት ሲቀሩት ስለሆነ የሚያውቀው አሮጌውን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ብዙ ጨዋታዎች ደግሞ አዲሱን ብቻ ይፈልጋሉ፤ ርካሽ ጆይስቲክ ቢሰኩባቸው እንዳልተሰካ ይቆጥሩታል። እንደ ሎጂቴክ ኤፍ 310 ያሉት ከኋላቸው «ዲ» እና «ኤክስ» የሚል መቀየሪያ አላቸው፤ እሱን መግፋት ይበቃል። መቀየሪያ ለሌለው ኤክስ 360 ሲኢ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ በጨዋታው ፎልደር ውስጥ ሲቀመጥ ተራውን ጆይስቲክ ኤክስቦክስ ያስመስለዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው 32 ቢት ወይስ 64 ቢት በሚለው ነው። መታየት ያለበት ጨዋታው እንጂ ዊንዶውሱ አይደለም።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። የኤክስቦክስ ጆይስቲክ በአሮጌው መንገድ ሲነበብ ሁለቱ የጣት ማስፈንጠሪያዎች አንድ መስመር ይጋራሉ። በመኪና ጨዋታ ነዳጅና ፍሬን አንድ ላይ ሲጫኑ ይጣፋሉ፤ ጨዋታው ምንም እንዳልተጫነ ያያል። ጆይስቲኩ ተበላሽቷል ተብሎ ሲጣል ያሳዝናል።

«ኤክስኢንፑት 1_3 የሚባል ፋይል ጠፍቷል» የሚል መልእክት ከመጣም ፋይሉን ነጠላውን ከሚያድሉ ድረ ገጾች አይውሰዱ። ማይክሮሶፍት በጁን 2010 ያወጣው የዳይሬክትኤክስ ጥቅል ውስጥ አለ። «ድራይቨር ሁሉ አዘምናለሁ» የሚሉትን ፕሮግራሞች እኔ በደረሱበት ኮምፒውተር ሁሉ ማጥፋትን እመክራለሁ።

ጥፋቱ በእርግጥ የድራይቨር የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የኤክስቦክስ ዋን ጆይስቲክ ዊንዶውስ 10 ላይ በራሱ ይሠራል፤ ለዊንዶውስ 7 ግን ማይክሮሶፍት በ2014 ያወጣውን ድራይቨር መጫን ግድ ነው። ኮድ 52 ካዩ ዊንዶውሱ የድራይቨሩን ዲጂታል ፊርማ አልተቀበለም። ዊንዶውስ 7 አዲሱን የፊርማ ዓይነት በወጉ የሚያነበው በ2019 የወጡት ማሻሻያዎች ሲጫኑለት ነው። የፕሌይስቴሽን 3 ጆይስቲክ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ ስሙ ይታያል፣ በተኑ ግን አይሠራም፤ ልዩ ትእዛዝ ካልደረሰው መረጃ መላክ አይጀምርም፣ ዊንዶውስም ያንን ትእዛዝ አያውቀውም። ለእሱ የተለየ ድራይቨር መፈለግ ተገቢ ነው። ባለ 15 እግሩን የጥንት ጌም ፖርት ከቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ ስለተወው፣ እንዲህ ያለ ጆይስቲክ ያለው ሰው ኤክስፒ የተጫነበትን ማሽን አይጣል።